በጠራራ ፀሐይ ተረት

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ሶዶ ዘጠነኛ ክፍል አማርኛ አስተምር ነበር። ተረት በመጣ ቁጥር «ከዚህ ምን እንማራለን?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም መጽሐፉ ያለውን በቃል ማስጠናት አንገፈገፈኝ። ስለዚህ ተማሪዎቹ ከቤታቸው የሰሙትን እንዲተርኩ፣ እኔ ደግሞ «ማን አሳዘናችሁ? ለምን?» ብቻ ብዬ እንድጠይቅ አሰብኩ። ዲሬክተሩ ነገሩ አልተዋጠላቸውም። «መጥቼ አያለሁ፤ ካልሆነ ወደ መጽሐፍህ ትመለሳለህ» አሉኝ።

በቀጠሮው ቀን ረፋድ ላይ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። «ማን ይጀምር?» አልኩ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እንዲሉ፣ ሁሉም አፉን ለጉሞ ተቀመጠ። ትናንት ሲንጫጩ የዋሉ ልጆች! ደሜ ፈላ። በመጨረሻ ከቦዲቲ የመጣ አንድ ልጅ ተነሥቶ፣ «ጋሼ፣ ተረት የማታ ነው። በቀን ያወራ ሰው እናቱ ትሞታለች» አለ።

ሶዶ ብወለድም እኛ ቤት ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። የጣውላ መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋሁና «ይኸው መሸ» አልኩ። ሳቁ።

«ጋሼ፣ ፀሐዩ እኮ ቆርቆሮው ላይ ነው» አለ ያው ልጅ።

እውነቱን ነው፤ ጣሪያው በሙቀት ይንጣጣ ነበር። ለእናቱ የፈራን ልጅ በምን አፌ ላስገድደው? ዲሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ።

ያኔ ተበላ ከምትባል ከተማ መጥታ ዘመድ ቤት ሆና የምትማር አንዲት ልጅ ተነሣች። ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«እኔ ላውራ» አለች። «የእኔ እናት ሞታለች።»

ተረከች። ጅብ ዝናብ ሲመታው የፍየል ቤት ያንኳኳል፤ ፍየሏ አዝናለት ታስገባዋለች፤ ሲነጋ ጅቡ ከውስጥ ዘግቷል፣ እሷ ደጅ ቆማለች። ተረቱ በዚሁ አለቀ። የያዝኩት ጥያቄ እሱ ብቻ ስለነበር «ማን አሳዘናችሁ?» አልኩ።

የቦዲቲው ልጅ ወደ ልጅቷ አየና «እሷ» አለ።

ሁሉም አቀረቀረ። ልጅቷ ግን አልተቀመጠችም።

«እኔን ተዉኝ» አለች ቆጣ ብላ። «ለእናንተ ብዬ በቀን አወራሁ። ስለ ፍየሏ መልሱልኝ!»

ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ዲሬክተሩ እንደ ተማሪ ተነሥተው ቆመዋል።

«እኔን ፍየሏ አሳዘነችኝ» አሉ።

ልጅቷ ወደ እሳቸው ዞረች። «ለምን?» አለቻቸው።