ቀይ የጥፍር ቀለም የተቀባው ካሴት

በእኛ መንገድ ራዲዮና ቴፕ ይጠግን የነበረውን ሰው ሁሉም የሚጠራው «ኖ ፕሮብሌም» እያለ ነው። ስሙን ያወጣንለት ሰዎች ክፋት አልነበረንም። እኔ ሰዓት እጠግናለሁ። የእኔንና የእሱን ሱቅ የሚለየው አንድ ስስ የኮምፖንሳቶ ግድግዳ ስለሆነ፣ እሱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው ከወንበሬ ሳልነሳ ነው። ያ ስም ሲጠራ ፊቱ ለምን እንደሚጠቁር ግን ከመንገዱ ሰው አብዛኛው አያውቅም። ነገሩ እንዲገባችሁ በመጀመሪያ ቴፕ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። ደስ የሚል ነገር ስለሆነ አይሰለቻችሁም።

ካሴት ውስጥ ያለው ቡናማ ጥብጣብ ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው ሲሄድ፣ ጠጋኞች «ሄድ» የሚሏቸውን ጥፍር የሚያካክሉ ሁለት ብረቶች እየታከከ ያልፋል። አንደኛው ድምፅ ያነባል፣ ይጽፋልም። ከእሱ ቀድሞ የተቀመጠው ሥራው ማጥፋት ብቻ ነው። ቀይዋን የመቅጃ ቁልፍ ስትጫኑ ጥብጣቡ መጀመሪያ በአጥፊው ፊት ያልፍና የነበረበት ሁሉ ይጠረጋል፤ ከዚያ ባዶውን ጸሐፊው ዘንድ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሁለት ጣት እንኳ አይሞላም! ይህን ክዳኑን ከፍቶ ያሳየኝ ቀን ምሳዬን ረስቼ ነው የዋልኩት።

ስለዚህ ጠንቃቃ ጠጋኝ ሕግ አለው። የደንበኛ ቴፕ ሲመጣ ውስጡ የተገኘውን ካሴት አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣል፤ የሚፈትሸው በራሱ ካሴት ነው። የእሱ መፈተሻ ከሌላው እንዳይቀላቀል ሴት ልጁ ጠርዙን በቀይ የጥፍር ቀለም ቀብታለታለች። በሃያ ዓመት ጉርብትና ይህን ሕግ ሲጥስ አላየሁትም፤ ከአንድ ቀን በስተቀር።

እንግሊዝኛው የመጣው ከመንገዱ ማዶ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት ቢሮ ሲከፍት ነው። የውጭ አገር ሠራተኞቹ የተበላሸ ዕቃ ይዘው ብቅ ማለት ጀመሩ። የመጀመሪያው ሰውዬ ራዲዮ አስቀመጠ፣ ተናገረ፣ በእጁ አመለከተ፤ የእኛም ሰው በእጁ መለሰ። ሁለቱ ሲወራጩ ቆይተው ሰውዬው ራዲዮውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሄደ።

«እጄማ ያውቃል» አለኝ በግድግዳው በኩል፤ «ጉድ ያደረገኝ አፌ ነው።»

ልጁ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። መጽሐፍ እንድትገዛለት ሲጠይቃት «መጽሐፍ አያስፈልግህም አባዬ» አለችው። «ሱቅህ ውስጥ ለደንበኛ የምትለውን ሁሉ ሁለት ቀን ጻፍልኝ።» ጻፈ። የሚገርመው ነገር ይህ ነው፦ በቀን መቶ ነገር የሚናገር የሚመስለው ሰው፣ ሲቆጠር ያሉት አሥራ አራት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ሆኑ። እንደምን አደሩ፣ ምን ሆነ፣ መቼ ቆመ፣ ወድቆ ነበር ወይ፣ ውሃ ገብቶበታል ወይ፣ እዚህ ይተዉት፣ ሐሙስ ይምጡ... የመጨረሻው «አመሰግናለሁ፣ ደግመው ይምጡ» ነው። እኔም የራሴን ብቆጥር ከአሥራ ሁለት አላለፈም።

ልጅቱ አሥራ አራቱን ተረጎመች፤ እሱ በእኛው ፊደል ደብተር ላይ ገለበጣቸው። «ዋት ኢዝ ዘ ፕሮብሌም?» «ዌን ዲድ ኢት ስቶፕ?» እሷ ግን በራሷ አሥራ አምስተኛ ጨምራ ነበር፦ አልገባኝም፣ እባክዎ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ። በማግስቱ ስትመጣ በእስኪርቢቶ ተሰርዞ አገኘችው።

«ምነው አባዬ? ከሁሉም የምትጠቅምህ እሷ ነበረች እኮ!»

«አልገባኝም ለሚል ጠጋኝ ማን ዕቃውን ያምናል? ሐኪም ቤት ሄደሽ ሐኪሙ አልገባኝም ቢልሽ መድኃኒቱን ትወስጂለታለሽ?»

«እንዲያውም ያን ጊዜ ነው የማምነው።»

«እንግዲያው ለሐኪሙ አስተምሪው» አለና በቦታው «ኖ ፕሮብሌም» ብሎ ጻፈ። ያልገባው ነገር ሲመጣ በዚያ ቀዳዳ ሊያመልጥ።

የመለማመጃ ዘዴዋን ሳላደንቅ አላልፍም። ቀይ ምልክት ያለበትን ካሴት ቤት ወሰደው፤ እሷ ለፍተሻ በማይጠቀምበት ገጹ ላይ እንደ ደንበኛ ሆና «ራዲዮዬ ቆሟል»፣ «መቼ ልምጣ?» የመሳሰለውን በእንግሊዝኛ ቀዳችለት፤ ከእያንዳንዱ በኋላ እሱ የሚመልስበትን ያህል ባዶ ጊዜ ተወችለት። ካሴቱ ይናገራል፣ እሱ ይመልሳል። ጠዋት ወደ ሱቅ ይመልሰዋል፣ ማታ ራት ላይ እንደገና ያናግረዋል። ሚስቱ «እኔን በሠላሳ ዓመት ያላወራኝን ለካሴት አወራለት» እያለች ትስቅበት ነበር። በሦስት ወር ውስጥ የቢሮው ሰዎች በስም፣ ማለትም በዚያ ስም፣ የሚጠሩት ሆነ። እንደዚያ ደረቱ ተነፍቶ አይቼው አላውቅም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ፀጉሯ የሸበተ የቢሮው ሠራተኛ አነስተኛ ግራጫ ቴፕ ይዛ መጣች። ክዳኑ በላስቲክ ታስሯል። ጥያቄና መልሱ እንደ ውሃ ፈሰሰ፤ እኔ ግድግዳው ሥር ሆኜ መልሱን ቀድሜው በልቤ እል ነበር። ከዚያ ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ረጅም ነገር ተናገረች። በበሩ በኩል ዘወር ብዬ ሳይ የቴፑን ክዳን በመዳፏ ሸፍናለች። ከተለማመደው አንዱም እንዳልሆነ እኔም ገብቶኛል። እሱ ደብተሩን አንዴ አየት አደረገ። 

«ኖ ፕሮብሌም፣ ማዳም» አለ።

እሷም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነችው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የላላውን ቀበቶ ቀየረ፣ ሄዶቹን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጠረገ። ቴፑ በደንብ ይዞራል። የቀረው ማንበቡንና መቅዳቱን መፈተሽ ነበር። መሳቢያውን ሲከፍት ሲዘጋ ሰማሁት።

«አየህ እንግዲህ! መፈተሻዬን ቤት ረስቼው መጥቻለሁ። ማታ ስለማመድበት ነበር።»

«እዚያው መሳቢያው ውስጥ ባለው የእሷ ካሴት ሞክረዋ» አልኩት። «ትንሽ ብትቀዳበት ማን ያውቅብሃል?»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ቤቱ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር፤ እኔ ግን እንዲሄድ አላልኩትም። ጥቂት አመነታ። ከዚያ ቀይዋ ቁልፍ ቀጭ ስትል ሰማኋት። የሚናገረው ሲያጣ የነገውን ልምምድ ጀመረ። አሥራ አራቱንም ደጋግሞ አለ፤ አንዳንዱ አልጥመው ሲል አምስት ጊዜ ያህል መለሰው፤ መሐል ላይ ሳቀም። ስድስት ደቂቃ ያህል ነው። መልሶ ሲያዳምጠው ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። «ስማ፣ ስማ! ፈረንጅ አልመስልም?» አለኝ። ትመስላለህ አልኩት።

ሐሙስ ሴትዮዋ መጣች። እሱ ሁሉንም በተራው አለ። እሷ ፈገግ ብላ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለሰችና ከፈተችው።

«ጉድ ሞርኒንግ፣ ማዳም» አለ ቴፑ በእሱ ድምፅ።

ሳቀች። እሱም ሳቀ። እኔም ልይ ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ሳቅኩ። እሷ መጠበቅ ቀጠለች። ቴፑ ወድቆ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ውሃ ገብቶበታል ወይ አለ። ጥቂት አሳልፋ ከፈተች፤ አሁንም እሱ ነው። ሳቋ ቀስ በቀስ ከፊቷ ላይ ሄደ። እንደገና አሳለፈች። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና የአንዲት አሮጊት ድምፅ ከቃል መካከል ብቅ አለ። የስኒ ኳኳታ ይሰማል፤ አሮጊቷ በዝግታ፣ አንዳንዴ እየሳለች ታወራለች።

ሴትዮዋ ዘጋችው። ወደ መጀመሪያው መልሳ እንደገና ሞከረች፤ እንደገና «ጉድ ሞርኒንግ፣ ማዳም»። ቀና ብላ አንዲት አጭር ጥያቄ ጠየቀችው።

 እሱም አሥራ አራተኛውን አለ፦ «ታንክ ዩ። ካም አጌን።»

አየችው። ክዳኑን ዘጋች፣ ላስቲኩን መለሰችበት፣ ሄደች።

ሙሉውን የሰማነው ቅዳሜ ከቢሮው ሹፌር ነው። አሮጊቷ የሞተች እናቷ ነች። ካሴቱ የሚጀምረው እናቷ በልጅነቷ በምትጠራት የቁልምጫ ስም ነበር፤ ቀጥሎ የተወለደችበትን ቀን ትተርክላት ነበር። ሰኞ ዕለት ክዳኑን ሸፍና ያለችው «ቴፑ ባይሠራም ግድ የለኝም፣ ካሴቱን ብቻ አትንኩብኝ» ነበር። ሹፌሩ ይህን ያወራው እንደ ተራ ወሬ ነው፤ ከእኛ መካከል ማን እንደ ገረጣ ልብ አላለም።

ያን ዕለት ማታ ልጁን አስቀመጣት። የይቅርታውን ዓረፍተ ነገር ጻፈችለት፦ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያሉኝ አልገባኝም ነበር፣ መጠየቅ አፍሬ ነው። የሴትዮዋንም ጥያቄ ድምፁን እንደያዘው ደገመላትና ምን ማለት እንደሆነ ነገረችው፦ «የቀረውስ የት ሄደ?» ያንን ጥያቄ ቀይ ምልክት ባለው ካሴት ላይ እንድትቀዳለት፣ ባዶውንም ረዘም አድርጋ እንድትተውለት ለመናት።

ከእሱ በር እስከ ቢሮው በር ስድሳ ሁለት እርምጃ ነው፤ ተራምጄ ቆጥሬዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ በሩ ላይ ይቆማል።

«ሂድ እንጂ!» እለዋለሁ።

«አጠራሩ ገና አልተስተካከለም። እንደገና ላስቀይማት?»

«እኔም አብሬህ ልምጣ። የመከርኩህ እኔ ነኝ።»

«ነገ።»

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ሹፌሩ ሥራዋን ጨርሳ ትናንት ወደ አገሯ መብረሯን ነገረን። አድራሻዋን ጠየቅነው፤ አያውቀውም። ቢሮውም ቆይቶ ተዘጋ።

እንግሊዝኛ ስላልቻለ ነው እያልን ስንጽናና ከረምን። አንድ ቀን ግን ልጁ ሱቁ ድረስ መጥታ፣ ደብተሩን ከእጁ ወስዳ ዘጋችው። «እንግሊዝኛውን ተወው አባዬ። ሴትዮዋ እኔ ነኝ እንበል። በራሳችን ቋንቋ በለኝ» አለችው። ግድግዳው ሥር ሆኜ ጠበቅኩ። ካቻቢቴውን ሲያነሳ ሲያስቀምጥ ይሰማኛል። በመጨረሻ «እሷ እኮ... ሶሪ ብል ይበቃ ነበር» አለ። ሶሪን የማያውቅ ሰው በእኛ መንገድ የለም። እሱም ከደብተሩ በፊት ያውቀው ነበር።

አሁን ቴፕ የሚያመጣ የለም፤ የሚጠግነው ስልክ ነው። ደንበኛ ሲመጣ ካቻቢቴውን ሳያነሳ «ውስጡ ምን አለ?» ይላል፤ ቢመልሱለትም «እስቲ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ» ይላል። ደንበኞቹ ጆሮው የከበደ ይመስላቸዋል። በስሙ የሚጠራው ሲያጋጥመው አንገቱን ይደፋል፤ እኔ ከተውኩት ቆይቻለሁ፤ ሌላውን ግን ማስተው አልቻልኩም።

መንገዱ ጭር በሚልበት ከሰዓት በኋላ አንዳንዴ ቀይ ምልክት ያለበትን ካሴት ይከፍተዋል። የልጁ ድምፅ ራዲዮዬ ቆሟል ሲል ይመልሳል፤ መቼ ልምጣ ሲል ይመልሳል። ከዚያ ያቺ ጥያቄ ትመጣለች፦ የቀረውስ የት ሄደ? ከእሷ በኋላ የተተወለት ባዶ ረጅም ነው። ሽሽሽ የሚለው የጥብጣቡ ድምፅ ብቻ ይሰማል። የሰዓቶቼን ሥራ አቁሜ አብሬው እጠብቃለሁ። ባዶው ያልቃል፤ ካሴቱም ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል።