ልጄ የውጭ ሰው ነው ወይ?

የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ጥላ የሚደርሰው ከቀትር በኋላ ነው፤ ቀጠሮ የሚሰጠው ግን ጠዋት ነው። የአዳማን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ወገቤን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ስጠብቅ ከረምኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ሕግ አውቃለሁ አልልም፤ የማውቀው የልጅ ልጄ ለምን እንደታሰረች ነው።

እሷ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ምርጫ ሲደርስ ለአንድ የሰፈራችን ሰው፣ ለግል ዕጩ፣ ትቀሰቅስ ጀመር። ባሕር ማዶ የሚኖረው ልጄ፣ የእሷ አጎት፣ ይህን ሰምቶ ሞንታርቦ ላከላት። ባጃጅ ጣሪያ ላይ አስራ ከገበያ እስከ መናኸሪያ ስትዞርበት ሰነበተች። ምርጫው አልፎ ሁሉም ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ ፖሊስ መጣ። ልጄ የያዘው የሌላ አገር ፓስፖርት ነው፤ ዐቃቤ ሕጉም «የውጭ ዜጋ በምርጫችን እጁን አስገብቷል፤ መንገድ የከፈተችለትም እሷ ናት» አለ። ሞንታርቦው ኤግዚቢት ተብሎ መጋዘን ገባ። እሷም ገባች።

ክርክሩ ሞንታርቦ ተልኳል አልተላከም አልነበረም። ጠበቃችን «ፓስፖርት ቢቀይርም ትውልዱ ኢትዮጵያዊ ነው፤ የተከለከለው ባዕድ ነው» ይላል። ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ «ትውልዱን አስረዱ፤ ከማን ተወለደ?» ይላል። በዚህ መሀል ቀጠሮ ይሰጣል፣ እንደገና ይሰጣል።

አንድ ቀን ጠበቃው ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ እርስዎ ይመሰክራሉ። ወለድኩት ካሉ አለቀ።»

አልወለድኩትማ።

ባለቤቴ አርሲ ነገሌ እህል መጋዘን ይሠራ በነበረበት ዘመን አንዲት ሴት ልጅ ወልጄ ማሕፀኔ ዝም አለ። ጎረቤቴ ወንድ ልጅ ስትወልድ ያዋለድኳት እኔ ነበርኩ። እሷ ልጆች ሞልተዋት ነበርና ይህኛውን ሽማግሌ ባለበት በጉዲፈቻ ሰጠችኝ። ጉዲፈቻ አደራ አይደለም፤ አይመለስም። የሰጠችው «የኔ ነው» አትልም፣ የተቀበለችውም «አልወለድኩትም» አትልም። ሰው ቢጠይቅ እንኳ የሚያፍረው ጠያቂው ነው።

ይህን ለጠበቃው በጆሮው ነገርኩት። ለዳኛው አስረዳና «እንግዲያው የወለደችው ትምጣ» ተባለ።

እግሬ ድሮም ቤት አይወድም፣ ግን እንዲህ ያለ መንገድም አይወድም። ልጁ ሲሰጠኝ ከነበሩት ሽማግሌዎች አንዱ አቦምሳ ልጃቸው ዘንድ አሉ ቢሉኝ፣ በእሷ ፈንታ ቢመሰክሩልኝ ብዬ መጀመሪያ ወደዚያ ሄድኩ። የደረስኩት ለቅሷቸው ላይ ነው። ድንኳን ውስጥ ከማላውቃቸው ሴቶች ጋር አልቅሼ ተመለስኩ። ከዚያ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ አድርጌ አርሲ ነገሌ ወረድኩ። የመቂ ቲማቲም እንደ ድሮው በሳጥን ተደርድሮ ፀሐይ ይመታዋል፤ በሌላ ቀን ቢሆን ወርጄ እገዛ ነበር።

እህል ተራው ውስጥ ተቀምጣ ገብስ ስታበጥር የድሮ ጎረቤቴን አገኘኋት።

«አካም ጂርታ፣ ኦቦሌቲ» አልኳት።

«አለሁ፣ እህቴ። ምነው በዚህ ፀሐይ፣ ሰው ሞተ?»

«አልሞተም። የልጅ ልጄ ታስራለች።» ነገሩን ሁሉ ነገርኳት።

«ለሞንታርቦ?» አለች። «ሰው በሞንታርቦ ከታሰረማ በጎረቤቴ ሠርግ ዕለት ሰፈሩን በሙሉ ማጋዝ ነበረባቸው።»

ሳቅን። ከዚያ «ዳኛው ፊት ወለድኩት በይልኝ» አልኳት።

ሰፌዷን አስቀመጠች። «አንድ ጊዜ ሰጥቼሻለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ሰፌዷን መልሳ አንስታ «እመጣለሁ» አለች።

መጣችም። እጇን አንስታ ማለች። ጠበቃው በለሰለሰ ድምፅ «እናቴ፣ ይህን ሰው ማን ወለደው?» አላት።

ወደ እኔ አየች። «እሷ» አለች።

«ረጋ ብለው ያስቡ።»

«ምኑን አስባለሁ? ልጁ የእሷ ነው። አገር ያውቃል።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። ዐቃቤ ሕጉ ብድግ ብሎ «ጠበቃው ይቺኛዋ አልወለደችም ይላል፤ ምስክሯ ደግሞ እኔ አይደለሁም ትላለች። ታዲያ ይህ ሰው ከሰማይ ወረደ?» አለ። የልጅ ልጄ ፖሊስ አጠገብ ቆማ ወለሉን ታያለች። ሰውነቷ ሸሚዟ ውስጥ ጠፍቷል።

ያኔ ስህተቴ ገባኝ። እኔ አፌን ዘግቼ እሷን ተናገሪ ማለቴ ልክ አልነበረም። የሰጠችው ሴት በሰው ፊት ልጁን መልሳ አትወስድም፤ ብትቆራረጥ እንኳ አታደርገውም። ቃሉ የኔ ነበር።

ሳይጠሩኝ ተነሳሁ። ዳኛው ተቀመጡ አሉኝ፣ ኋላ ስሜን ጠርተው አስማሉኝ።

«እርስዎ ወለዱት?»

«አልወለድኩትም።» ልጁን ካቀፍኩት ቀን ጀምሮ ይህ ቃል በሰው ፊት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። «የወለደችው እሷ ናት። የተቀበልኩትም እትብቱን የቀበርኩትም እኔ ነኝ።»

ዳኛው ወደ እሷ ዞረው «እውነት ነው?» አሉ።

«እሷ ካለች፣ አዎ» አለች። ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ከስንት ቀጠሮ በኋላ ልጅቷን ለቀቋት። ዐቃቤ ሕጉ ይግባኝ አለ። ሞንታርቦው አሁንም መጋዘን ነው፤ እሷም ፋብሪካው እስኪጠራት ቤት ተቀምጣለች፣ ልጄም በስልክ እንደ ወትሮው «እማዬ» ይለኛል። ያልኩትን አልነገርኩትም።

የመሰከርን ዕለት ሴትዮዋን መናኸሪያ ስሸኛት በመኪናው መስኮት «ዛሬ ያልሽው እዚያው ይቅር። ልጁ ያንቺ ነው» ብላኝ ነበር። በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩ።

ባለፈው ጠበቃውን «ለይግባኙ እንደገና እናገራለሁ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«የለም እማማ፣ ይረፉ። ቃልዎ መዝገብ ላይ ስላለ እነሱ ያነቡታል» አለኝ።

ሊያሳርፈኝ ብሎ ነው፤ እዚያው ይቅር የተባለው ቃል ግን በሌላ ዳኛ ፊት ደግሞ ሊነበብ ነው።