የኤንኖ ሁለት የሐዲድ መቀየሪያዎች

ዘገየህ እየተባለ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ ተሳፋሪ የሌለውን ባቡር በሰዓቱ ለማስገባት እንቅልፍ የሚያጣው ለምንድን ነው? ኤንኖ ታይደማንን ካወቅሁት ቆይቻለሁ፤ መልሱን ግን አላውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ስለ ሰው ነፍስ ማንበቤም ምንም አልጠቀመኝ።

ብሬመን አጠገብ ባለችው ከተማችን የትንንሽ ባቡሮች ማኅበር አለ። (“የአሻንጉሊት” ብል ኤንኖ አያናግረኝም።) እያንዳንዱ አባል ሐዲድ የዘረጋበትን ጠረጴዛ ቤቱ ይሠራል፤ የገና ሰሞን ሲገባ በመጀመሪያው እሑድ ጠረጴዛዎቹ ተገጣጥመው ለሕዝብ ይታያሉ። ደንባችን ሁለት ነው፦ አንቱታ የለም፤ የሌላ ሰው ሽቦ አይነካም።

የኤንኖ ጠረጴዛ ላይ ባቡሩ ከአንዱ ሐዲድ ወደ ጎኑ ወዳለው ይሻገራል። ለዚህ ሁለት መቀየሪያዎች በአንድ ቁልፍ እኩል መዞር አለባቸው። ቅዳሜ ስንሞክረው አንዱ ወደ መሻገሪያው ዞረ፣ ሌላው ወደ ቀጥታው ሐዲድ ዞረ። ባቡሩ ገደል ገባ። ገደሉን ራሱ ኤንኖ ነበር በጋዜጣና በሙጫ የሠራው።

ሊቀመንበሯ ቪብከ ወገቧን ይዛ ቆመች። “ኤንኖዬ፣ ነገ በር እስኪከፈት ካልሠራ ጠረጴዛህ ወደ ግድግዳ ትጠጋለች። በቦታዋ ባዶ ሜዳ ያለበትን ጠረጴዛ እንገጥማለን።”

“ስንት ዓመት የለፋሁበትን ጣቢያ በሜዳ?”

“ሜዳው ባቡር አይጥልማ።”

እኔ ደግሞ ዝም አልልም። “ኃይል አንሶት ነው” ብዬ ያነበብኩትን ሁሉ ዘረገፍኩ። ኤንኖ አምኖኝ ከቤቱ ትልቅ ትራንስፎርመር ተሸክሞ መጣ። መቀየሪያዎቹ አሁንም በተቃራኒ ዞሩ፤ ልዩነቱ በጉልበት መዞራቸው ብቻ ነበር።

“ፕሮፌሰሩ ስህተቱን አጠነከረልን” አለች ቪብከ።

እሑድ ጠዋት ኤንኖ ዓይኑ አብጦ መጣ። እንቅልፍ ባይኑ አልዞረም። ጠረጴዛው ሥር ተንጋለለና ቁልፉን ተጫን አለኝ።

“በጣቢያው በኩል ያለው ወዴት ዞረ?”

“ወደ ግራ።”

“ወደ ቀኝ ነው እንጂ! ዓይንህን መጽሐፍ ጨረሰው።”

“ግራ ነው አልኩህ! እኔ ከላይ ነኝ፣ አንተ ከታች።”

“ወይኔ!” አለ ከሥር። “የዚህኛውን ግራ ቀኝ የለየሁት ጠረጴዛውን ወጥ ቤት ውስጥ ገልብጬ ነው።”

“ያኛውንስ?”

“ያኛውን ከላይ እያየሁ። ባለቤቴ ወጥ ልሠራ ነው ብላ ጠረጴዛውን አስነሥታኝ።”

ስለዚህ ቀዩ ሽቦ በአንዱ መቀየሪያ ወደ ግራ፣ በሌላው ወደ ቀኝ ይጎትት ነበር። ልረዳው ጎንበስ ስል “እጅህን ሰብስብ!” አለኝ። ደንብ ደንብ ነው። ቪብከ ጠረጴዛውን ልትፈታ መፍቻ ይዛ በሩንና ሰዓቷን ታያለች። ኤንኖ የአንዱን ቀይና አረንጓዴ ሽቦ አለዋወጠ።

ተጫንኩ። ሁለቱም አንድ ላይ ጠቅ አሉ። ባቡሩ ተሻገረ። ቪብከ መፍቻውን ኪሷ ከተተችና በሩን ከፈተች።

ኤንኖ ከመጋረጃው ኋላ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሻይ አመጣሁለት። ሕዝቡ ጣቢያውን ከቦ ያጨበጭባል፤ እኔም ሽቦውን የጠገንኩት ይመስል እጅ እነሳለሁ። ላበሥረው ዞር ስል ሻዩን ሳይነካ፣ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ባቡሩ በሰዓቱ ገብቷል።