ከአዴ ድንቄ ጋር የዋጥነው መድኃኒት

ባለፈው ሳምንት የደም ግፊት ክኒኔን ልገዛ እዚሁ አዳማ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ፋርማሲስቷ ከመጨረሻ ልጄ የምታንስ ናት። ክኒኑን በከረጢት አድርጋ እየሰጠችኝ፣ ጆሮዬ የደከመ መስሏት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «አባባ፣ ይሄ የእርስዎ ብቻ ነው። ጎረቤት አሞኛል ቢልዎት እንዳያካፍሉ፣ እሺ?» አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ካለ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ጡረታ የወጣሁ ሰው መሆኔን አልነገርኳትም። «እሺ ልጄ» ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። አዴ ድንቄ ትዝ ብለውኝ ነበር።

ከተማችን ገና ናዝሬት በምትባልበት፣ ጋሪም መንገዱን ሞልቶ በሚሄድበት ዘመን የፋርማሲ ተማሪ ነበርኩ። የተከራየሁት ክፍል አዴ ድንቄ ግቢ ውስጥ ነው። አዴ ድንቄ ከዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት እያስመጡ ገበያ የሚቸረችሩ፣ እጃቸው ከመስጠት የማይሰበሰብ ሴት ነበሩ። ጠዋት ጨጨብሳ ከተሠራ ክፍል ዘግቶ ማጥናት የለም፤ በሩ ይንኳኳል፣ ሳህን ይገባል። ሳህኑን ይዛ የምትመጣው ልጃቸው ብርቄ ስለነበረች እኔም ብዙ አልግደረደርም።

በዚያ በጋ፣ ነፋሱ አቧራውን ከየመንደሩ እያነሳ ዓይን በሚያሳጣበት ሰሞን፣ የጋሪ ጎማ አዴ ድንቄ እግር ላይ ወጣ። ቁስሉ አመረቀዘ። ክሊኒክ ሄደው ቀይና ጥቁር እንክብል ተሰጣቸው። እንክብሉ አለቀ፣ ቁስሉ ግን ባሰበት። ሐኪሙ በድጋሚ አዘዘላቸውና ብርቄን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «በዚህም ካልዳነ እግራቸው ያሰጋል፤ መቆረጥም ሊመጣ ይችላል» አላት። እያለቀሰች ወደ እኔ መጣች።

«አንተ መድኃኒት አይደል የምትማረው? አንድ ነገር አድርግ እንጂ።»

በማግስቱ ቁርስ ላይ ተገኘሁ። ቁስሉ ያልዳነበትን ምክንያት ለማወቅ መመራመር አላስፈለገኝም። ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ፣ ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሰው፣ እንደ ልማዳቸው ወገባቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አዴ ድንቄ አንዱን እንክብል ከፈቱ፣ ዱቄቱን ሁለት ማንኪያ ላይ እኩል አካፈሉ፣ ማር ጠብ አደረጉበትና አንዱን ማንኪያ ለጋሽ ተፈራ አቀበሉ።

«አዴ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኩ።

«ወገቡን ያመዋል፣ አታይም እንዴ?»

«መድኃኒቱ እኮ ለእርስዎ ቁስል የታዘዘ ነው።»

«ታዲያ ሰው አጠገቤ እያቃሰተ ብቻዬን ልዋጥ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።»

ያን ሰሞን መምህራችን ስለ መድኃኒት መጠን ያስተምረን ነበርና ምላሴን በላኝ። «አዴ፣ ዶዝ የሚባል ነገር አለ። መድኃኒቱ ደም ውስጥ በበቂ መጠን ካልተገኘ ጀርሙ አይሞትም፤ እንዲያውም ይለምደዋል። ባቄላ ግማሽ መንገድ ላይ ከእሳት ቢወጣ ንፍሮ ይሆናል?»

«አይሆንም» አሉ። ጆሮ ሰጥተውኛል። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ ዕውቀት ግን ትኩስ ሲሆን አያስቀምጥም።

«ጠዋትና ማታ የሚወሰደውም ለዚህ ነው» ብዬ ቀጠልኩ። «የገባው መድኃኒት እንዳለ አይቆይም። ጥቂት ሰዓት ሲያልፍ ግማሹ ይሄዳል፤ ከቀረው ደግሞ ግማሹ ይሄዳል…»

አዴ ድንቄ ወደ ጋሽ ተፈራ ዞሩ። «ሰማህ? እሱ ራሱም ያካፍላል።»

ጋሽ ተፈራ ማንኪያቸውን ላሱ።

ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ተክዤ ተቀምጬ ሳለ መምህሩ ፕላሲቦ ወደሚባለው ርዕስ ገባ። መድኃኒት የሚመስል፣ ውስጡ ግን መድኃኒት የሌለበት ክኒን ነው፤ ሰው በማመኑ ብቻ የሚሻለው ጊዜ አለ አለን። እኔ የጋሽ ተፈራ ወገብ ነበር የታየኝ። ስወጣ ሱቅ ገብቼ ነጭ የሚንት ከረሜላ ገዛሁ፣ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥም ጨመርኩት።

«አዴ፣ ከእንግዲህ ብቻዎን አይውጡም» አልኩ በማግስቱ። «ለጋሽ ተፈራ የራሳቸውን አምጥቻለሁ። እኔም ስላመመኝ አብሬያችሁ እወስዳለሁ።»

«አንተን ደግሞ ምንህን አመመህ?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ዓይኔ ብርቄ ላይ አረፈና «ልቤን» አልኩ። ብርቄ ጓዳ ገባች።

መድኃኒት ነው ብያለሁና እንደ ከረሜላ መምጠጥ አልችልም። እንዳለ ዋጥኩት። ጉሮሮዬን እየፋቀ ወረደ፣ እንባዬ መጣ። አዴ ድንቄ በሐዘኔታ እያዩኝ እንክብላቸውን ሳይከፍቱ በውኃ ዋጡ። ጋሽ ተፈራ ግን የእሳቸውን ቀስ እያሉ እየመጠጡ፣ «ይሄኛው ይሻላል፤ እስከ ወገብ ድረስ ይቀዘቅዛል» አሉ። ብዙም ሳይቆዩ የሽንኩርት ጆንያ ካልተሸከምኩ ብለው ግቢውን አስቸገሩ።

የአዴ ድንቄ ቁስል መድረቅ ጀመረ፣ ቀስ በቀስም ጠገገ። ያለ ምርኩዝ ገበያ የወጡ ቀን ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። በቃል ፈተና መምህሩ ፕላሲቦ ምንድን ነው ሲለኝ፣ «ሕመምተኛው መድኃኒቱን ሲውጥ አጠገቡ ያለው ሰው አብሮት የሚውጠው ከረሜላ ነው» ብዬ መለስኩ። ተማሪው በሳቅ ፈነዳ። ነጥብ ግን አልሰጠኝም።

እንግዲህ በዚያ ጉብዝናዬ ስኩራራ ኖሬያለሁ። ሥራ ሊለማመድ ለመጣ ወጣት ሁሉ አውርቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ቤት ስገባም የፋርማሲስቷን ምክር ለብርቄ ነገርኳት። ብርቄ ሚስቴ ከሆነች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ልቤን ያመመኝ በከንቱ አልነበረም። ከልቧ ሳቀች። ከዚያ፣

«እማዬ ከረሜላ መሆኑን እኮ ታውቅ ነበር» አለችኝ።

«ማን ነገራቸው?»

«ማን ይነግራታል? ቤቱ ሚንት ሚንት እየሸተተ! ‹ልጁ ለእኔ ብሎ ጉሮሮውን እያስላጠ እንዴት የራሴን ለሰው እሰጣለሁ? ነውር ነው› አለች። እንዳልነግርህም አስማለችኝ።»

ለካስ በብልጠቴ ዳኑ ብሎ አምኖ፣ ፕላሲቦ እንደዋጠ ሰው ደስ ሲለው የኖረው እኔ ነኝ። አዴ ድንቄ ካረፉ ቆይቷል፤ ምነው ያን ጊዜ ባቅፋቸው ኖሮ አልኩ።

ማታ ክኒኔን ይዤ ስቀመጥ ብርቄ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስኳር ስላለባት ከረሜላ አይፈቀድላትም። ጠረጴዛው ላይ ካለው የሽምብራ ቆሎ አንዲት ፍሬ አነሳችና እስክውጥ ጠበቀችኝ።