የእትዬ ብየዳ ቀይ ቁጥር

ሰፈሩ «እትዬ ብየዳ» ይላታል፤ ቁጣዋም እንደ ብየዳ ብረቷ ቶሎ ይግላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠግናለች። የጠገነችውን ዕቃ ሁሉ ከክዳኑ ውስጥ በቀይ ቀለም ቁጥር ትጽፍበታለች፤ የማን እንደሆነም ደብተሯ ላይ አለ።

ዘንድሮ አንድ ነገር ጨመረች። የማይጠገን ዕቃ ትቶላት መሄድ የፈለገ ሰው ይከፍላል። ገንዘቡ ዕቃውን በወጉ ወደሚፈታታው ፋብሪካ ለመላኪያ ነው።

«ለሞተ ሬዲዮ ደግሞ የቀብር ልንከፍል ነው?» አለ አናጢው።

«አዎ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ካልተመቸህ ይዘኸው ግባ።»

ለምን ችክ እንደምትል ሁሉም ያውቃል። ታናሽ ወንድሟ ከሱቋ ጀርባ ባለው ሜዳ የኤሌክትሪክ ገመድ እያቃጠለ መዳቡን ሲሸጥ ኖረ። ጭሱ ሳንባውን ጨርሶት በሠላሳ ዓመቱ ሞተ። አብዛኛውን ገመድ የምትሰጠው እሷ ነበረች፤ ያውም በነጻ። ይህን ከማንም አትደብቅም፤ ለራሷም ይቅር አላለችም።

ሰው ግን ብልጥ ነው፤ ዕቃውን ቦይ ውስጥ መጣል ጀመረ። የረሳው ቀዩን ቁጥር ነው። እሷም ጠዋት ጠዋት ክዳን እየፈታች፣ ቁጥር እያነበበች በየባለቤቱ ደጅ መመለስ ያዘች። ደንበኛዋ በግማሽ ቀነሰ። የሱቁ አከራይም «ወይ ክፍያውን ተዪ፣ ወይ ሱቄን ልቀቂ» አሏት።

በማግስቱ ቦዩ ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን አገኘች። ቁጥሩ የአከራዩ ነበር። ልቧ ፈራ፤ ቢሆንም በጋሪ ጭና በራቸውን አንኳኳች።

«የእኔ አይደለም» አሉ።

«ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ ጠግኜዋለሁ። የገዛ እጄን ጽሑፍ አልስተውም።»

«እንግዲያው ሱቁን ትለቂያለሽ።»

«እለቃለሁ። ይሄ ግን ቦይ አይመለስም። ወይ ይከፍላሉ፣ ወይ አብሮዎት ይኖራል።»

ሚስታቸው ከኋላ መጥተው ገንዘቡን እጇ ላይ አኖሩ። «ያ ጭስ በእኛም መስኮት ሲገባ ኖሯል» አሉ፣ ባላቸውን ሳያዩ። አከራዩ ግን ቃላቸውን አላጠፉም።

ወሩ ሲያልቅ ለቀቀች። አሁን የምትሠራው ወንድሟ ገመድ ያቃጥልበት በነበረው ሜዳ ላይ፣ በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ነው። ክፍያው አልቀረም። እዚያ ሜዳ ላይም ከእንግዲህ ገመድ የሚያነድ የለም፤ እሷ ተቀምጣበታለች።