በሽርጥ የተጋረደው ምርመራ

የተያዝኩት ከድንበር ማዶ ባለች የሶማሌዎች ከተማ፣ አሕመድ ዳጋህ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የታሰረ መምህራችን ይፈታ ብለን በተሰለፍንበት ጠዋት ነው። የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የላብና የሽንት ሽታ ነበር።

ጥግ ካለው ባልዲ ላይ አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቁጢጥ ብለዋል። በሬዲዮ በተናገሩት ነገር የታሰሩ ናቸው። ሁሉም በሶማሊኛ «አዴር»፣ አጎቴ፣ ይሏቸዋል። ከሶላት በፊት ከባልዲው ቶሎ አይነሱም፤ ጠብታ ልብሳቸውን ነክቶ ውዱኣቸው፣ የሶላት ትጥበታቸው፣ እንዳይበላሽ ይጠብቃሉ። እስረኞቹ ነገሩን ከሃይማኖተኛነት ቆጥረውታል።

«አዴር ዛሬም ከሸይጧን ጋር ክርክር ላይ ናቸው!» አለ አንድ ባለታክሲ። ሁሉም ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ።

እኔ ግን ሌላ ነገር ጠረጠርኩ። የጤና ተማሪ ነኝ፤ ስለ ፕሮስቴት ዕጢ ገና መማራችን ነበር። አዴር በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ተምረዋል፤ እኔም እዚያ ነው ያደግሁት። አጠገባቸው ተቀምጬ በአማርኛ ጠየቅኋቸው።

«ሽንትዎ አልወጣ ይልዎታል?»

ዙሪያቸውን አዩ። አማርኛ የሚሰማ አልነበረም።

«ይህን በሶማሊኛ ለልጄ እንኳ አልነገርኩም» አሉ። «ታላቅ ወንድሜ እንዲህ ሆኖ ነው የሞተው። እርጅና ነው ብለን ዝም አልን።»

«እርጅናም ሊሆን ይችላል፤ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ምርመራ ነው። ደም ይወሰዳል፤ ከዚያ ሐኪሙ በጣቱ... በኋላ በኩል...»

«አስተግፊሩላህ! ዝም በል አንተ ልጅ!»

አኮረፉኝ። ሐኪም ሊጎበኘን በመጣ ዕለት ግን፣ ሰውየው ቦርሳውን ዘግቶ ሊወጣ ሲል አዴር ክንዴን ያዙኝ።

«ንገረው። ቶሎ በል፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።»

ነገርኩት። ሐኪሙ ደም ቀዳ፣ ጓንት አጠለቀ፣ ቀና ብሎ ክፍሉን አየ። መጋረጃ የለም። አዴር የሽርጣቸውን ቋጠሮ ጨብጠው ቆሙ።

ባለታክሲው ትርፍ ሽርጡን ዘረጋ። ሌሎቹም የየራሳቸውን አወጡ። ጀርባችንን ሰጥተን፣ እጃችንን ወደ ላይ ዘርግተን ከበብናቸው።

«አንተም ዙር!» አለ ባለታክሲው በሩ ላይ የቆመውን ዘበኛ። ዘበኛውም ዞረ።

ሐኪሙ ጠጣር ነገር አገኘ። አዴርን ከዕጢው ናሙና እንዲወሰድላቸው ወደ ሆስፒታል ላካቸው።

አሁን ተፈትቼ ወደ ትምህርቴ ተመልሻለሁ። ጓደኞቼ ስለ እስሩ ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ክንዳችን እስኪዝል ጨርቅ ስለያዝንባት ጠዋት ነው። ባለፈው ሳምንት አዴር ከሆስፒታል ደወሉልኝ።

«ካንሰር ነው» አሉኝ። «ግን ከዕጢው አልወጣም፤ ሐኪሞቹ ይታከማል ብለውኛል። አልሐምዱሊላህ!»

ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ዘለልኩ።

«ቆይ፣ አትዝጋ» አሉ። «ታናሽ ወንድሜ አጠገቤ ነው። እሱም ይመርመር ብለዋል፤ አንተ አስረዳው።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተሰማኝ። ከዚያ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።