ሁለተኛው ይለፍ

ሁለቱ ቤቶች ጀርባና ጀርባቸው ተጣብቆ የተሠሩ ናቸው። የአንዱ በር ወደ ላይኛው መንገድ፣ የሌላው ወደ ታችኛው መንገድ ይከፈታል። በመካከላቸው ያለው የድንጋይ ግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ይወፍራል፤ ልክ ጠረጴዛ በሚደርስበት ቁመት ላይ ደግሞ የሰው እጅ እንደ ልብ የሚያስገባ ቀዳዳ ተበስቶበታል። በወዲህኛው ቤት ጥርስ ሠሪዋ ብቻዋን ትኖራለች፤ በወዲያኛው ታናሽ ወንድሟ ቁልፍ ቀራጩ ከሚስቱ ጋር። በቀዳዳው የሚመላለሰው ባቡር ነው።

ባቡሩ ትንሽ ነው፤ ሎኮሞቲቩ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ትንሽ ነው ማለት ግን የልጅ ጨዋታ ነው ማለት አይደለም። ሴትየዋ በጥርስ ላብራቶሪ ውስጥ ሐኪሞች የሚያዝዙትን ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትሠራ ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ የሙያዋን ሁሉ ወደ ቤቷ አምጥታዋለች። ተራራው ከጥርስ መቅረጫ ጄሶ የተሠራ ነው። የድልድዩ ገመድ ጠማማ ጥርስ የሚያቃናው ቀጭን ሽቦ ነው። የጣቢያዋን መስኮቶች ክፈፍ በጥርስ መቅረጫ መሣሪያዋ አንድ በአንድ ስላወጣቻቸው፣ መነጽር አድርጎ ያየ ሰው ማጠፊያቸውን ሳይቀር ይቆጥራል። በወንድሟ በኩል ደግሞ ከተማውና የፉርጎ ማሰለፊያው አሉ፤ የሐዲዱን መለያያዎች ሁሉ በቁልፍ ሞረድ የሞረዳቸው እሱ ነው። ይህን መስመር ሲሠሩና ሲነዱ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

አሁን ስለ ግድግዳው ውስጥ መንገድ ማስረዳት አለብኝ፤ ያለዚያ ቁጣዋ ከመጠን ያለፈ ይመስላል።

ቀዳዳው የሚበቃው ለአንድ ሐዲድ ብቻ ነው። ከወዲህ የሚልከው ከወዲያ የሚመጣውን አያይም። ኤሌክትሪኩም አያድንም፤ ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ አለ፣ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ የሚታዘዘው በየእጃቸው ለያዙት መቆጣጠሪያ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱም በፈለጉበት ሰዓት የፈለጉበት ድረስ መንዳት ይችላሉ። ታዲያ ግጭት እንዴት ይቀራል? ትልልቆቹ ባቡሮች ይህን ችግር ከፈቱት ቆይተዋል፤ አፈታቱ ቀላል ከመሆኑ የተነሳ ባሰብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል። ለአንዱ ሐዲድ አንድ ዕቃ ብቻ ይሠራለታል። ዕቃውን ያልያዘ ባቡር አይገባም። ዕቃው አንድ ስለሆነ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሊገኝ ስለማይችል፣ ሁለት ባቡሮች ሊገናኙ አይችሉም። በቃ።

እህትና ወንድም ዕቃውን «ይለፍ» ይሉታል። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል፣ ጫፉ ላይ ቀዳዳ ያለው ሞላላ ነሐስ ነው። ከወንድሟ ሱቅ የመጣ የተሰበረ ጓጉንቸር አቅልጣ እሷ ራሷ ነች የሠራችው። ይለፉ ያለበት ወገን ደወሉን አንድ ጊዜ ይደውላል፦ እየላክሁ ነው። ይለፉን ፊተኛው ክፍት ፉርጎ ላይ አስቀምጦ ይልካል፤ ተቀባዩ አንስቶ በራሱ ምስማር ላይ ይሰቅለዋል። ሁለት ጊዜ ከተደወለ፦ ይለፉን ላክልኝ። ስድስት ጊዜ ከተደወለ፦ መንገዱ ዝግ ነው። ጥርስ ሠሪዋ እያንዳንዱን መላክና መቀበል ከነሰዓቱ በመዝገብ ትጽፋለች። ወንድሟ መዝገብ አይወድም፤ «እኔ በጭንቅላቴ ነው የምይዘው» ይላል።

ይህን ሁሉ የሚያስከብር ፖሊስ የለም። ያለው መተማመን ብቻ ነው።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ረቡዕ ነው። ረቡዕ ቁልፍ ቀራጩ ሱቁን ዘግቶ ቤት የሚውልበት ቀን ነው፤ እህቱ ግን ሥራ ላይ ናት። በዚያ ቀን ላብራቶሪው ውስጥ የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ ሠራተኛው ሁሉ በጊዜ ተለቀቀ። ቤቷ ስትገባ ይለፉ ከእሑድ ጀምሮ እንደተሰቀለ ምስማሯ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ደወለች፣ ይለፉን ፉርጎው ላይ አኖረች፣ ሦስት ዓመት የደከመችባትን ጥቁር ሎኮሞቲቭ ወደ ቀዳዳው ላከቻት። ከግድግዳው ሆድ ውስጥ ማንኪያ ሲወድቅ የሚመስል ድምፅ ተሰማ።

«ምንድን ነው?» አለች አፏን ወደ ቀዳዳው አስጠግታ።

«ተጋጩ!» የወንድሟ ድምፅ ነው።

«ከምን ጋር? ይለፉ እኮ እኔ ጋ ነው!»

«ቆይ፣ እጄን ላስገባ። አንቺ አትንኪ፣ ሽቦ ትበጥሻለሽ።»

ሲጎረጉርና ሲጎትት ሰማችው። ከዚያ መጎርጎሩ ቆመ።

«እታለም፣» አለ በመጨረሻ፣ «ይለፉ የኔ ፉርጎ ላይ ነው ያለው። ያንቺ ባዶ ነው።»

«በዚህ እጄ ነው ያስቀመጥኩት!»

«ስንት ይለፍ ነው ያለን? አንድ። የት ተገኘ? የኔ ፉርጎ ላይ። እሑድ ልከሽልኝ ነበር እኮ፤ ረስተሽው ነው።»

«መዝገቡ ላይ የለም።»

«መጻፉንም ረስተሻላ።» ይለፉን በቀዳዳው አሻግሮ ሰጣት፤ ከዚያ ድምፁን ለስለስ አድርጎ ጨመረ፦ «እንደ እማዬ እንዳይሆን ብቻ፣ እታለም። እሷም የጀመራት እንዲህ ነበር።»

እናታቸው በመጨረሻዎቹ ዓመታት በር ከፍታ የገዛ ልጇን «ማን ልበል?» ትላት ነበር። ከዚያች ቃል ወዲህ ጥርስ ሠሪዋ ለሎኮሞቲቯ ስብራት ማዘኑን ተወችው፤ ራሷን መጠበቅ ያዘች። በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈች፦ ምድጃ፣ ቁልፍ፣ መነጽር። የወንድሟ ሚስት በየጠዋቱ በስልክ ትደውላለች፦ «እትዬ፣ ምድጃውን አጥፍተሻል አይደል?» በደግነት ነው፤ ደግነቱ ግን አንጀት ይቆርጣል። በሦስተኛው ቀን ወደ ላብራቶሪው ኃላፊ ገብታ ከጥርስ ሽፋን ሥራ እንዲያነሷት ለመነች። የአንዱን ሰው ጥርስ ለሌላው ብልክስ ብላ ፈራች። ኃላፊው አንገራገሩ፤ እሷ ግን ድርቅ አለች። ሠላሳ ዓመት የተቀመጠችበትን ወንበር ለቅቃ፣ ጀማሪ በሚቆምበት ጥግ ቆማ ጄሶ ስታፈስ ሰነበተች። ይለፉን እንዳትጥለው በጋውኗ ኪስ ይዛው ትዞር ነበር።

ሦስት ሳምንት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የፈሰሰው ጄሶ እስኪደርቅ ስትጠብቅ፣ ይለፉን ከኪሷ አውጥታ እንዲያው ለእጇ ሥራ ለመስጠት ያህል ትልቁ ማጉያ መነጽር ሥር አስቀመጠችው።

እዚህ ላይ ስለ ብረት ትንሽ ልናገር። ጥርስ ሠሪ ብረት አይፈልጥም፣ አይቆርጥም። መጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን እሳት በሚችል ጄሶ ይቀብራል፤ ጄሶውን ሲያግል ሰሙ ቀልጦ ይጠፋና ባዶ ቦታው ይቀራል፤ ቀልጦ የተዘጋጀው ብረት እዚያ ባዶ ውስጥ ይፈሳል። እንዲህ የተወለደ ብረት ገጹ እንደ ፍሬ ቆዳ ወጥ ነው። አንዳንዴ ሰሙ ላይ አረፋ ተለጥፎ ይቀርና ብረቱ ላይ ምልክት ይተዋል። የእነሱ ይለፍ ከቀዳዳዋ አጠገብ እንዲህ ያለች ጉድጓድ ነበረችበት። ወንድሟ ያኔ አይቶ፣ «ፈንጣጣ አለበት፣ አላገባውም» ብሎ አስቋታል።

መነጽሩ ሥር ያለው ይለፍ ፈንጣጣ የለበትም። ጠርዙ ዙሪያውን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቀጫጭን ጭረቶች አሉበት። እንዲህ ያለ ጭረት የሚተወው የቁልፍ መቅረጫ ማሽን ነው።

አንድ ደቂቃ ያህል ደስ አላት። ጭንቅላቴ ደህና ነው! ቀጥሎ ይለፉን በመዳፏ ጨበጠችው። ነገሩ ሁሉ በተራ በተራ ታያት። ሁለተኛ ይለፍ ቀርጿል። እሷ ሥራ ስትውል ባቡሩን በቀዳዳው እየላከ በባዶ ቤቷ ያዞረዋል። ሲጋጩ ከሁለቱ ፉርጎዎች ሁለት ይለፍ አነሳ፤ አንዱን ደበቀ። ሲመልስላት ደግሞ ተሳስቶ የራሱን መለሰላት።

ጋውኗን ሳታወልቅ ወጣች።

የቁልፍ ሱቁ ጠባብ ነው፤ ማሽኑ፣ ወንበሩ፣ ግድግዳ ሙሉ የተሰቀሉ ያልተቀረጹ ቁልፎች። ከማሽኑ በላይ በትልቁ ተጽፏል፦ «የቁልፉ ባለቤት ካልሆኑ እንዲቀረጽልዎ አይጠይቁን።» ሁለት ደንበኞች ቆመዋል። ሰተት ብላ ገብታ ይለፉን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው።

«ቅረጽልኝ።»

«እትዬ፣ ወረፋ አለ እኮ፣» አለ አንደኛው ደንበኛ።

«ወረፋዬን ሦስት ሳምንት ጠብቄያለሁ!» ወደ ወንድሟ ዞረች። «ባለቤቱ ማን ነው ብለህ አትጠይቀኝም? ጽሑፉ ለደንበኛ ብቻ ነው?»

ቁልፍ ቀራጩ ይለፉን አየና ፊቱ አመድ መሰለ። «እታለም፣ እቤት እንነጋገር።»

«እቤትማ ተነጋግረናል። በቀዳዳ! የኔ የታለ?»

መሳቢያውን ከፍቶ ከተጣመሙ ቁልፎች ሥር አወጣው። ጣቷን ጫፉ ላይ አስኬደች፤ ፈንጣጣው አለ።

«መቼ ነው የቀረጽከው?»

«ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል። ረቡዕ ረቡዕ ይለፉ ሁልጊዜ አንቺ ጋ ነው የሚውለው፤ ተራራው ያንቺ፣ ድልድዩ ያንቺ፤ ያለ ይለፍ መላኩን ደግሞ ሕሊናዬ እምቢ አለኝ። እቤቴ ሆኜ ድልድዩ ላይ ሲያልፍ ድምፁን እሰማው ነበር።»

«ብትጠይቀኝ እምቢ የምልህ ይመስልሃል? የቤቴ ቁልፍ አንተ ጋ አይደለም? ገብተህ ከምስማሩ ብታነሳው ምን ነበረበት?»

«ዙሩ ሩቅ ነው...»

«ስድስት ደቂቃ ነው! ስድስት ደቂቃ መራመድ ሰንፈህ የሁለታችንን ባቡር ዘጠኝ ዓመት በዕድል ነዳኸው! እሱንም ተወው። ሎኮሞቲቯን እጠግናታለሁ። ጭንቅላቴን ነው የነካኸው። ምድጃ ምድጃ የሚል ወረቀት በሬ ላይ ስለጥፍ ቆመህ አይተኸኛል!»

«አንድ ቀን እነግራታለሁ እያልኩ ነበር...»

«መቼ? ከረሳሁ በኋላ?»

አንደኛው ደንበኛ ሳቁን በሳል ሸፈነው። እሷ አላበቃችም።

«ፈንጣጣ አለበት ብለህ ስም ያወጣህለት አንተ ነህ። ሁለቱ ፊትህ ሲቀርቡ ለየኸው? አልለየኸውም። ታዲያ ከሁለታችን የረሳው ማን ነው?»

«ዝጋው ሱቁን፣» አለችው። «ትከተለኛለህ።»

ፊት ፊት እሷ፣ ኋላ ኋላ እሱ፣ ቃል ሳይለዋወጡ ላብራቶሪው ድረስ ሄዱ። ኃላፊው ፊት አቆመችውና «ንገራቸው» አለች። ነገራቸው፤ መጀመሪያ አድበስብሶ፣ ስታፈጥበት አስተካክሎ። ኃላፊው ሰምተው ሲጨርሱ «እንግዲህ ነገ ወደ ወንበርሽ ትመለሻለሽ» አሏት።

«ለምን ነገ?» አለችና እዚያው ሄዳ ተቀመጠች። ከፊቷ የነበረው የጥርስ ሽፋን በደንብ አልተስተካከለም፤ ፈታ ከመጀመሪያው ሠራችው።

ሚስቱም ሰማች። «እኔን በየጠዋቱ ምድጃ አስጠርተህ!» ብላ ከእህቱ ያልተናነሰ ጮኸችበት። በማግሥቱ ቁልፍ ቀራጩ ሁለተኛውን ይለፍ በመጋዝ ለሁለት ገምሶ አመጣ። ባቡር ላይ ጭኖ መላክ አይችልም፤ እውነተኛው ይለፍ እሷ ጋ ነው። ስድስቱን ደቂቃ ዞሮ በሯን አንኳኳ። ስባሪዎቹን ከእጁ ተቀበለች፣ በሩን ዘጋች።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሳህን ጄሶ በጠበጠች። ጠንካራውን ዓይነት ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ ለማፍሰስ ያለው ጊዜ አራት አምስት ደቂቃ ብቻ ነው፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ይይዛል። ቀዳዳውን ልትደፍነው ነው። ሐዲዱን ላለማበላሸት ጨርቅ አለበሰችው፣ ማንኪያዋን አነሳች። በዚህ መሃል ደወሉ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ይለፉን ላኪልኝ።

«ዓይን አውጣ!» አለች ለግድግዳው።

ጆሮዋን ወደ ቀዳዳው ብትጥል ከወዲያ ምንም አይሰማም፤ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ማንኪያዋን ሳህኑ ውስጥ ተክላ ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን ይለፍ አየች፣ ሳህኑን አየች፤ ደቂቃዎቹ አለፉ። ደወሉ ዘንድ ሄዳ ስድስት ጊዜ መታችው፤ እያንዳንዱን ከቀደመው አጠንክራ። ስትመለስ ጄሶው ማንኪያውን ይዞ ደርቋል። ማንኪያውን ለማውጣት ሳህኑን መስበር ግድ ሆነ፤ እሱም አናደዳት።

ይህ ከሆነ ሁለት ወር አልፏል። ሎኮሞቲቯ ግማሽ ተጠግና ጠረጴዛው ላይ አለች። ቁልፍ ቀራጩ ቅዳሜ ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ሁለት ጊዜ ይደውላል፤ ስድስት ይመለስለታል። ሚስቱ «ስድስቱን ካልሰማ ቁርስ አይበላልኝም» እያለች ትስቅበታለች። ጥርስ ሠሪዋ አንዱንም ሳትዘል በመዝገቧ ትጽፈዋለች። ያለፈው ቅዳሜ መስመር እንዲህ ይላል፦ «3፡00፦ ይለፍ ተጠየቀ። 3፡01፦ መንገዱ ዝግ ነው ተባለ። ምክንያት፦ አልበረደልኝም።»